መሃሉ የጎደለ ልቦለድ

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

ሩዝ ቀቀልኩ። ውሃው በዛና ገንፎ ሆነ። በማንኪያ በላሁት።

ልብስ አጠብኩ። ባለቤቴ ፉሚዮ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ የለጠፈችው ወረቀት አሁንም እዚያው ነው። «መጀመሪያ ነጩን ቁልፍ። ቀጥሎ ሰማያዊውን። ከዚያ ዝም ብለህ ጠብቅ።» «ዝም ብለህ» የሚለው ላይ በቀይ አስምራበታለች። ለማሽኑ ነው ወይስ ለሌላውም ነገር?

ባለቤቴ እኅቷ ዘንድ ማጽሞቶ ከሄደች ስድስት ሳምንት ሆናት። ፖም ለቀማ ላግዝ ብላ ነው የሄደችው። በሐምሌ ፖም የሚለቀም ይመስል... ስትወጣ አንድ ሻንጣ ብቻ ነበር የያዘችው። የያዘችው የክረምት ካልሲ መሆኑን ያወቅኩት መሳቢያውን ስከፍት ነው።

ከሰዓት ሚዙሆ ከኦሳካ ደወለች። አንዲት ልጃችን ናት፤ አፏ አያርፍም።

«አባዬ፣ እማዬ ምን ብላ እንደምትጠራህ ታውቃለህ?»

«ምን?»

«እርጥብ ቅጠል።»

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጡረታ የወጣ ባል እንዲህ ነው የሚባለው። ዝናብ የመታው የረገፈ ቅጠል መጥረጊያ ላይ ይለጠፋል፤ ብታራግፈው ብታራግፈው አይላቀቅም። ስለ ሰው ሲባል ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ሠላሳ ስምንት ዓመት የባቡር የሰዓት ሰሌዳ ሳወጣ ኖርኩ። የትኛው ባቡር ከየት በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚነሳ ጠይቁኝ። ሚስቴ ስታነብ የኖረችው ምን እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ።

ትራስጌዋ ሁለት መጻሕፍት አሉ። ያረጁ ናቸው፤ ወረቀታቸው ሻይ መስሏል። «የዝናብ መዝጊያ» ይላል ርእሱ። የአንደኛው ጀርባ ላይ «ላይ» ተብሎ ተጽፏል፤ የሌላኛው ላይ «ታች»። ልብ ወለድ አንብቤ አላውቅም። ውሸት ያወራል ብዬ ነው። ዛሬ ግን የሚያናግረኝ ሰው አጣሁና «ላይ» ያለውን ገለጥኩ።

ናኦ የምትባል የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ልጅ አለች። ሰማያዊ ቀለም ሲነክሩ ክንዳቸው እስከ ክርን ሰማያዊ ይሆናል። ሺንኪቺ የሚባል እጮኛ አላት፤ ወደ ሰሜን ዓሣ ሊያጠምድ በመርከብ ይሄዳል። ትጠብቀዋለች። እስካሁን ይኼው ነው።

መጥፎ አይደለም።

መስከረም 11፣ እሁድ

«ታች»ን ጨረስኩ። ተናድጃለሁ።

«ላይ» ሲያልቅ ናኦ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፣ ሁለት ደህና እግር አላት፣ ወደብ ላይ ቆማለች። «ታች» ሲጀምር አርባ ሞልቷታል፣ ታነክሳለች፣ ሰሜን አገር የእንግዳ ማረፊያ ትመራለች! እግሯን ምን ነካው? ሺንኪቺስ? ስሙ እንኳ አንድ ጊዜ አይነሳም። እኔ እንዲህ ያለ የሰዓት ሰሌዳ ባወጣ ኖሮ ሁለት ባቡር ይጋጭ ነበር። ይኼን ሰው አሳትሞ ሸጠው?

ፉሚዮ ይኼን ነገር ነው ትራስጌዋ ያስቀመጠችው?

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ደወልኩላት። ብዙውን ጊዜ ስደውል የምለው የለኝም፤ «ሻይ ቅጠሉ የት ነው?» እላለሁ። ዛሬ ግን ወሬ ነበረኝ።

«መጽሐፍሽን አነበብኩት። ስሕተት አለበት።»

«የትኛውን?»

«ናኦን። እግሯ የት እንደተሰበረ አልተጻፈም።»

«ሁለቱን አነበብክ?»

«ሁለቱንም! ላይንም ታችንም!»

መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለኝ። እየሳቀች ነበር። እኅቷ ከኩሽና «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት ይሰማል።

«የሚዙሆ አባት» አለችኝ ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ላይና ታች ካለ መሃል አይኖርም?»

ቀልቤ ተገፈፈ። ሦስት ቅጽ ነው ለካ። ላይ፣ መሃል፣ ታች። ላይና ታችን አብሮ ያየ ሰው ሙሉ ነው ብሎ ያስባል እንጂ ማን መሃል ይፈልጋል?

«አትዘን፣ እኔም እንዳንተው ተታልያለሁ» አለች። «የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጂምቦቾ፣ አሮጌ መጽሐፍ ተራው ውስጥ፣ ሁለቱን በገመድ ታስረው አገኘኋቸው። ሙሉ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ቤት ገብቼ...»

ይኼን ነግራኝ አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ «የት ነው?» ስላት «መጽሐፍ ፍለጋ» ትለኝ ነበር። እኔም «መቼ ትመለሻለሽ?» እላለሁ። የትኛውን መጽሐፍ ብዬ ግን በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

«እኔ አገኝልሻለሁ» አልኳት።

ዘጋች ወይስ መስመሩ ተቋረጠ? እንጃ። ብቻ ሳቋን ከሰማሁ ስንት ዘመኑ ነው። መጽሐፉን ይዤላት ብሄድ... ትመጣ ይሆናል። እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ይኼን ለማንም አልልም፤ እዚህ ግን ልጻፈው። ትምጣልኝ።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

ጂምቦቾ ሄድኩ። የመጽሐፍ ሱቆቹ ፊታቸውን ወደ ሰሜን ሰጥተው ተደርድረዋል፤ ፀሐይ ገጽ እንዳያጠፋባቸው ነው። በዚያ ስንት ሺህ ጊዜ በባቡር ከምድር በታች አልፌያለሁ፤ ወጥቼ አላየሁትም።

አሥራ አራት ሱቅ ጠየቅኩ። «መሃል ብቻ?» ይሉኛል። «ጌታዬ፣ መሃል ብቻውን አይመጣም።» አንዱ ሽማግሌ መሰላል ላይ ሆኖ ሳይወርድ «ላይ የጠፋበት ሰው አለ፣ ታች የጠፋበት አለ፣ መሃል የጠፋበት ግን ዕድሜ ልኩን ይፈልጋል» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።

ሲደክመኝ ከዋናው መንገድ ጀርባ አንድ ትንሽ የጡብ ቡና ቤት ገባሁ። ውስጡ ድንግዝግዝ ያለ ነው። ባለቤቱን ሁሉም «ማስተር» ነው የሚለው፤ ውሃውን ቡናው ላይ እንደ ክር አቅጥኖ፣ ትንፋሹን ይዞ ያፈሳል። ቡናው ወፍራም፣ ጥቁር። ሁለት ጊዜ ፉት ስል ግድግዳውን አየሁ። ደንበኞች ቀድመው የከፈሉበት የቡና ትኬት ተሰክቷል፤ በእያንዳንዱ ላይ ስም አለ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ «ኩዋባራ» ይላል፣ የቤተሰባችን ስም።

ስሜ! ማለቴ... ስሟ።

እኔ ሳላውቅ ቅዳሜዋን ሁሉ እዚህ ቤት ኖራለች።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ዛሬም አልተገኘም። ማስተር ዘንድ ገብቼ ጥግ ያለው፣ ከግድግዳው ሰዓት ሥር ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ማስተር ብቅ አለ።

«ይቅርታ፣ ቅዳሜ እሱ ወንበር የሰው ነው።»

«የማን?»

«የወይዘሮ ኩዋባራ።»

«ባሏ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ባሏም ቢሆኑ» አለ።

ተነሣሁ። ፊት ለፊቱ ያለው ላይ ተቀምጬ ባዶውን ወንበር እያየሁ ጠጣሁ። ደህና ሰው ነው። ለእሷ ሲል ባዶ ያስቀምጥላታል።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ሱቆቹ መጻሕፍቱን በላስቲክ ሸፈኑ። ቡና ብቻ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ቡና ቤቱ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። እኔን! ሥራ ላይ በሠላሳ ስምንት ዓመት ያላዛጋሁትን።

ናኦን አየሁ። ክንዷ ሰማያዊ ነው። አንድ ጣቢያ ላይ ቆማ «ይኼ ባቡር የት ይሄዳል?» አለችኝ። ሰሌዳውን ገለጥኩ፤ ባዶ ነው፣ ነጭ ወረቀት። አላፈርኩም። «አላውቅም እኅቴ» አልኳት። ደስ የሚል ነገር ነበረው፣ አለማወቁ። ስነቃ ማስተር ሳይቀሰቅሰኝ ቡናዬን አንሥቶ ትኩስ አምጥቶልኛል።

ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀብኝ አልለካሁም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

አገኘሁት። አገኘሁት!

የአሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ ሳምንት ስለሆነ መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። ግፊያውን ሸሽቼ «ኢዋሳ» የሚል ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት። ሽማግሌው ታሞ ሆስፒታል ነው አሉ፤ የልጁ ሚስት ናት የምትሸጠው። ከበሩ በስተ ግራ፣ ከታች ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ የገጾቹን ጠርዝ ወደ እኛ አድርጎ የተቀመጠ አንድ መጽሐፍ አለ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሳብኩት። «የዝናብ መዝጊያ»። መሃል።

ልጅቱ «እኔ ለሥራው አዲስ ነኝ፣ እዚህ ያለ ሁሉ ይሸጣል» ብላ በወረቀት ጠቀለለችልኝ።

ሰኞ በፖስታ እልከዋለሁ። አይ፣ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። አይ... መጀመሪያ ላንብበው። እግሯን ምን እንደነካው ሳላውቅ እንዴት እሰጣለሁ?

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

አነበብኩት። ይኼ ነው?

ሺንኪቺ በቀኑ ይመለሳል። ይጋባሉ። ስለ ማቅለሚያ ቤቱ ውርስ ከአጎቷ ጋር ሦስት መቶ ገጽ ይካሰሳሉ። እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራትታ እግሯ ይሰበራል። እሱ ይወፍራል፣ ይሄዳል። አለቀ።

ደራሲው እዚህ ላይ ደክሞት ነበር መሰለኝ። ለፉሚዮ ግን መሃሉ ራሱ ነው ቁም ነገሩ። በደህና ወረቀት ጠቅልዬ፣ ገመድ አሥሬ፣ አድራሻዋን ጻፍኩበት።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ከመላኬ በፊት ማስተርን ላሳየው ብዬ ይዤ ሄድኩ። ጉረኛ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ጠረጴዛው ላይ እንዳኖርኩት አንድ ሽማግሌ ምርኩዝ ይዞ እያለከለከ ገባ። ፊቱ ገና የበሽተኛ ነው። «ማስተር፣ ጉድ ሆንኩ» አለ። «ምራቴ የወይዘሮ ኩዋባራን መጽሐፍ ሸጠችው! ከሆስፒታል ብመለስ ቦታው ባዶ! ስትመጣ ምን እላታለሁ?»

ማስተር ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ጥቅሉን ተመለከትኩ።

«የገዛሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ባሏ ነኝ። ለእሷ ነው። ስትፈልገው የኖረችው ነውና...»

ኢዋሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ የነገረኝን እንዳለ ልጻፍ።

«አግኝታዋለች እኮ፣ ጌታዬ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እኔው ነኝ ያገኘሁላት። አቅፋው ቆመች፣ ቆመች፣ መልሳ ሰጠችኝ። 'አቶ ኢዋሳ፣ ገልብጠው እዚያ መደርደሪያ ላይ ያኑሩልኝ፣ ማንም አይየው' አለች። ለምን ስላት፣ 'ባሌ ዘንድሮ ጡረታ ይወጣል። ይኼን ከገዛሁት ቅዳሜ ከቤት የምወጣበት የለኝም' አለችኝ።»

ማስተር ጀርባውን ሰጥቶ የታጠበ ሲኒ ደግሞ አጠበ።

«ሁልጊዜ ትመጣለች፣ መኖሩን በጣቷ ነክታ ታያለች፣ ሳትገልጠው እዚህ መጥታ ቡናዋን ትጠጣለች» አለ ኢዋሳ። «ክፉ ነገር ተናግራብዎ አታውቅም። 'ባሌ ሁሉን በደቂቃ የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ የማይታወቅ ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው' ብላኛለች፣ ያውም አንድ ቀን ብቻ።»

ቡናው ቀዘቀዘብኝ።

ጥቅምት 23፣ እሁድ

ከእኔ ለመሸሽ ነበር። ይኼው ነው። ሰው ከዝናብ እንደሚጠለል ከእኔ ትጠለል ነበር።

ምን አድርጌያት ነው? አልመታኋት፣ አልሰደብኳት። «ምሳ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገየ» ብያታለሁ። «ከገበያ ለመመለስ በዚያኛው መንገድ አራት ደቂቃ ታተርፊ ነበር» ብያታለሁ። ወሬ ስትጀምር «ያ እኮ ማክሰኞ ሳይሆን ረቡዕ ነበር» ብያታለሁ። እውነቴን ነበር። ሁልጊዜ እውነቴን ነበር...

አሁን ጥቅሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ብልክላት ምን እልካለሁ? ቅዳሜሽን ጨረስኩልሽ ብዬ?

ትንሽ አለቀስኩ። ለጎረቤት ውሻ እንኳ እንዳይሰማ ውሃውን ከፍቼ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

መለስኩት። ከበሩ በስተ ግራ፣ ከታች ሦስተኛው፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ። የኢዋሳ ምራት አጎንብሳ ይቅርታ ስትጠይቀኝ እኔም አጎነበስኩ፤ ሁለታችንም ቀና ማለት አቃተን።

«አንብበውታል?» አለኝ ሽማግሌው ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«እንግዲህ...»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ዝም አይነቅዝም።»

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ደወለች። እሷ ራሷ።

«ቅዳሜ ወፍራም ካፖርቴን ልወስድ እመጣለሁ። በዚያው ጂምቦቾ፣ ማስተር የሚሉት ሰው ዘንድ ቡና ልጠጣ ነው። በዐሥር ሰዓቱ ባቡር እመለሳለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

«ካፖርቱን ይዘህልኝ ብትመጣ...» አለች። «ከተመቸህ።»

በደንብ ይመቸኛል። ካፖርቷን አወጣሁ፣ አየር ላይ አሰጣሁት፣ አንድ ቁልፉ ላልቶ ነበር። ሰፋሁት። ሦስት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ቀድሜያት ደረስኩ። ከወንበሯ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ገባች። ፀጉሯን አሳጥራለች፣ ፊቷ ፀሐይ መቶታል። ፖሙ እውነት ነበር ለካ። ካፖርቷን ለበሰችው፣ ቁልፉን አየች። ሳታወልቀው ተቀመጠች፣ ወዲያው እንደሚሄድ ሰው።

«ኢዋሳ ሱቅ ጎራ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች።

«እንዴት ነው ሽማግሌው?»

«ደህና ነው። ምን እንደነካው እንጃ፣ እኔን ሲያይ ላብ አጠመቀው።»

ቡናዬን ጠጣሁ። ማስተር ሲኒ ማጠብ ጀመረ።

«አንተስ? አገኝልሻለሁ ያልከው መሃሉ?»

«አላገኘሁትም፣ ፉሚዮ።»

ዋሸሁ። በስሟ ስጠራት ቀና አለች። ሁልጊዜ «ስሚ» ወይ «አንቺ» ነበር የምላት። ትከሻዋ ትንሽ ወረደ፣ ሸክም እንዳስቀመጠ ሰው።

«እንኳን» አለች። «እኔ የራሴን ሠርቼለታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እዚህ ወንበር ላይ። ለማንም አልነገርኩም።»

«ለእኔ ንገሪኝ።»

«ታርመኛለህ።»

«አላርምም።»

«አትችልም፣ የሚዙሆ አባት። ደምህ ውስጥ ነው።»

«ሞክሪኝ።»

ቡናዋን ፉት አለች። ጀመረች።

ሺንኪቺ አልተመለሰም። ናኦ አንድ ክረምት ወደ ሰሜን በባቡር ተሳፈረች። ባቡሩ ሜዳ ላይ በረዶ ያዘውና ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ተኝቷል። ናኦ መስኮቱን በእጅጌዋ ጠርጋ ስታይ በረዶው ላይ፣ ዓይን እስከሚደርስ፣ ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቷል። የእሷ ቀለም ነው። እጇ የነከረው። ማን አመጣው? ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ዘለለች...

በዚያ ዘመን በዚያ መስመር ባቡር አልነበረም። ሐዲዱ የተዘረጋው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፣ ወሩን ሁሉ አውቀዋለሁ። እግሯም የተሰበረው ደረጃ ላይ ነው፣ ገጹን አውቀዋለሁ። ሁለቱም እስከ ጥርሴ መጡ። ምላሴን ነከስኩ።

ፉሚዮ አቋረጠች። ዓይኔን አየችኝ። ትጠብቅ ነበር።

«ምነው? በዚያ መስመር ባቡር አልነበረም ልትለኝ ነው?»

«ጨርቁ» አልኳት፣ «ምን ዓይነት ሰማያዊ ነበር?»

ሲኒዋን አስቀመጠች። ከዚያ ስለ ሰማያዊው ነገረችኝ። አንዴ የተነከረው ምን እንደሚመስል፣ ዐሥር ጊዜ የተነከረው ምን እንደሚመስል፣ በረዶ ላይ ሲያድር ምን እንደሚሆን። እጆቿ ይናገራሉ። እንዲህ ስታወራ አይቻት አላውቅም፤ ወይም አውርታ ይሆናል፣ እኔ ሰዓት እያየሁ።

ሰዓቱ ከራሷ በላይ ነው፣ ለእኔ ብቻ ነው የሚታየው። ለዐሥር ሃያ ጉዳይ ሲሆን መነሣት ነበረባት። አየሁት። ዐሥር ሆነ። ዐሥር ከሩብ። ማስተርም አይቷል፤ ሁለት ትኩስ ቡና ሳናዝዘው አምጥቶ አስቀመጠና ሄደ።

«ባቡሬ አመለጠኝ አይደል?» አለች ድንገት፣ ዞር ሳትል።

«አመለጠሽ።»

«እያየኸው?»

«እያየሁት።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። «ቀጣዩ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሰሌዳውን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

«እንጃ» አልኳት። «ዘለለች፣ እግሯ ተሰበረ። ከዚያስ? ጨርቁ ጋ ደረሰች?»

ፉሚዮ የሰፋሁትን ቁልፍ ፈታች፣ ካፖርቷን አወለቀች፣ የወንበሩ ጀርባ ላይ አንጠለጠለችው።